መገጣጠሚያዎቻችንም ሐቅ አላቸው

የሰው ልጅ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በእያንዳንዱ መገጣጠሚያው ልክ ምጽዋት (ሰደቃ) እንዳለበት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ይህን ሐዲሥ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ዘገባ ደግሞ የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር 360 መሆኑ ተገልጿል። ይህ ምጽዋት የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ሁለት የተጣሉ ሰዎችን በፍትሕ ማስታረቅ፣ ሰውን በሚጋልበው እንስሳ ላይ እንዲወጣ ማገዝ፣ ዕቃውን አንስቶ ማቀበል፣ ወደ ሶላት መራመድ፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማስወገድ ሁሉም ምጽዋት ናቸው። ሁለት ረከዓ የዱሓ ሶላትም ለዚህ ሁሉ እንደሚበቃ በሌላ ሐዲሥ ተነግሮናል።

አንባቢያን ሆይ! ከእነዚህ ተግባራት አብዛኞቹ የሚፈጸሙት በራሳቸው በመገጣጠሚያዎቹ መሆኑን እናስተውል። ማንሳት፣ መራመድ፣ ማጎንበስ፣ መስገድ ያለ ጉልበት፣ ያለ ዳሌ፣ ያለ ትከሻና ያለ ቁርጭምጭሚት አይሆኑም። ምስጋናው የሚቀርበው በዚያው በተሰጠው ጸጋ ነው ማለት ነው። እንግዲያውስ ጸጋውን መጠበቅ የምስጋናው አካል ነው።

ይህን ርዕስ እንድናነሳ ያደረገን ዙሪያችንን ስንመለከት የታዘብነው ነገር ነው። በመስጂዶቻችን በሶፉ ዳርና ዳር የሚደረደሩ ወንበሮች እየበዙ ነው። እናቶቻችን ከስግደት ሲነሱ «ያ አላህ» የሚሉት ለዚክር ብቻ ሳይሆን ከሕመም የተነሳም ነው። ወጣቶቻችን ደግሞ ኳስ ሜዳ ላይ አንዴ ወለም ያላቸው እግር ዓመት ሙሉ ሲያነክሱበት እናያለን። ከሁሉ የሚከፋው ግን በትክክል ቢያዝ በስድስት ሳምንት ይድን የነበረ ስብራት በአያያዝ ጉድለት እጅን ወይም እግርን እስከማሳጣት መድረሱ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና ሰሐቦች

አንዳንድ ሰዎች ስፖርትን የጨዋታ ጉዳይ፣ ሕመምን ደግሞ ዝም ብሎ የሚቻል ነገር ብቻ አድርገው ይወስዱታል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። እሳቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሮጠው ተሽቀዳድመዋል፤ በመጀመሪያው ዙር እርሷ እንዳሸነፈች፣ ከጊዜ በኋላ በተደረገው ደግሞ እሳቸው እንዳሸነፉና ያኛውን በዚህኛው እንዳካካሱት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በመዲና የፈረስ ሽቅድድም ያዘጋጁ ነበር፤ ከተሽቀዳዳሚዎቹ አንዱ ወጣቱ ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) እንደነበረ ቡኻሪ ላይ እናገኛለን። ሌሊቱን ሁሉ እየቆመ ቀኑን ሁሉ ለሚጾመው ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ደግሞ ሰውነቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነግረውታል።

ጉዳትም ደርሶባቸዋል። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት መሠረት በመዲና ፈረስ ጋልበው ሳለ ፈረሱ በተምር ዛፍ ጉቶ ላይ ጥሏቸው እግራቸው ተጎዳ፤ ከመገጣጠሚያውም ወለቅ አለ። ታዲያ ምን አደረጉ? በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሰገነት ላይ ዐረፉ፤ ሰሐቦች ሊጠይቋቸው ሲመጡም ተቀምጠው ሲሰግዱ አገኟቸው። ከፍጡራን ሁሉ በላጩ፣ በሶላት ቆመው እግራቸው እስኪያብጥ ይተጉ የነበሩት ነቢይ፣ በተጎዱ ጊዜ የተጎዳውን እግር አሳረፉት። ዛሬ «ወንድ ልጅ አይተኛም» እያለ ባበጠ ቁርጭምጭሚት ሜዳ የሚገባ ወጣት ይህን ሱና ቢያስብ ይጠቀማል።

መገጣጠሚያ እንዴት ይሠራል?

ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበትን ቦታ መገጣጠሚያ እንላለን። ከሰውነታችን ትልቁ መገጣጠሚያ ጉልበት ነው። የጭን አጥንት ከላይ፣ የቅልጥም አጥንት ከታች፣ ሎሚ ደግሞ ከፊት ሆነው ይገናኙበታል። የአጥንቶቹ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ልባስ ተሸፍነዋል። በመካከላቸውም እንደ ትራስ ሆነው ጫናን የሚሸከሙ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሜኒስከሶች አሉ። አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩ ጠንካራ ጅማቶች ዙሪያውን ይዘውታል፤ ወፍራም ፈሳሽም እንደ ዘይት ያለሰልሰዋል።

የአላህን (ሱ.ወ.) ጥበብ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ይህ ካርቲሌጅ ነው። በውስጡ የደም ሥር የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንራመድ፣ ስናጎነብስና ስንነሳ ካርቲሌጁ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ ጫናው ሲለቀው ደግሞ ፈሳሹን ከነምግቡ ይመጥጣል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ምግቡ ይቀንስበታል። «ጉልበቴን እንዳይጨርሰው» ብሎ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ከመጠበቅ ይልቅ መጉዳት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ዋና ነገር ጡንቻ ነው። በጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ጡንቻ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይቀበላል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ጫናው በሙሉ ወደ መገጣጠሚያው ይወርዳል። መገጣጠሚያው ሲያም ሰው መንቀሳቀስ ያቆማል፤ መንቀሳቀስ ሲያቆም ጡንቻው ይበልጥ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይብሳል። ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን የተያዙት በዚህ አዙሪት ውስጥ ነው።

ወለምታ ሲያጋጥም

በወጣቶቻችን ዘንድ በብዛት የሚታየው ጉዳት የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «አጥንት ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?» የሚለው ነው። ለዚህ በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀላል መመዘኛ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሰውየው ወዲያው ከተጎዳ በኋላም ሆነ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ በግራና በቀኝ ያሉት የአጥንት እብጠቶች የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲጫኑት የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ደግሞ በእግሩ መካከለኛ ክፍል በውጭ ወይም በውስጥ ጠርዝ ያለው አጥንት ሲነካ የሚያመው ከሆነ ራጅ መነሳት ይገባዋል። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው።

ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው ምክር «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ» የሚል ነበር። ይህን ምክር በ1978 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ሙሉ ዕረፍትና በረዶ መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ በ2014 እ.ኤ.አ. ራሱ ጽፏል። ዛሬ የሚመከረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ1 እስከ 3 ቀናት እግሩን ከጫና ማሳረፍ፣ ስንተኛ ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ ማድረግ፣ እብጠቱን በላስቲክ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ፣ ግን ደም ሳይከለክሉ መያዝ ያስፈልጋል። በረዶ ሕመምን ለማስታገስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ ቢያዝ ጉዳት የለውም፤ ፈውሱ ግን እርሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሕመሙ በፈቀደ መጠን መርገጥና ማንቀሳቀስ መጀመር ይገባል።

በነዚህ የመጀመሪያ ቀናት መደረግ የሌለበት ነገር አለ። እርሱም ያበጠውን ቦታ በቅቤ ወይም በዘይት አጥብቆ ማሸት ነው። በቤታችን የተለመደው ግን ይኸው ነው። አዲስ የተበጠሰ ጅማት ሲታሽ ደም መፍሰሱ ይጨምራል፤ ስብራት ካለም ይፈናቀላል። ፍቅራችንን በማሸት ከምንገልጽ ውኃ በማቀበል ብንገልጽ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የማገገሚያውን ክፍል ነው። እብጠቱ ሲጎድል ዳንኩ ብሎ ሜዳ የተመለሰ ወጣት ያንኑ እግሩን ደግሞ ደጋግሞ ወለም ይለዋል። ምክንያቱም ጅማት ውስጥ ያሉት የአቋም ስሜት ሰጪ ነርቮች አብረው ተጎድተዋል። መድኃኒታቸው ቀላል ነው፤ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሴኮንድ መቆም፣ ሲለምድ ዐይንን ጨፍኖ መሞከር፣ ተረከዝን ከመሬት አንስቶ በጣቶች መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ። ያለ ማነከስ መሮጥ፣ በአንድ እግር መዝለልና ድንገት መታጠፍ እስኪቻል ድረስ ወደ ግጥሚያ አለመመለስ ነው።

ወጌሻና ሐኪም

ስለ ወጌሾች ስንናገር ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ሐኪም በሌለበት ገጠር ለብዙ ዘመን ወገናቸውን ያገለገሉ፣ የወለቀ ትከሻ በጥበብ የሚመልሱ፣ ከምስኪን ገንዘብ የማይቀበሉ አሉ። የስብራት ሕክምና ለእስልምና ሥልጣኔም እንግዳ አይደለም። በ1013 እ.ኤ.አ. የሞተው የቁርጡባው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ የታላቁን የሕክምና መጽሐፉን 30ኛ ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሲያውል ለስብራትና ለውልቃት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

ችግሩ የሚመጣው በአስተሳሰር ላይ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ በእረፍት ሰዓት ሲጫወት ወድቆ የቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ቤተሰቡ በሰፈሩ ስም ካለው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ክንዱም በቀርቀሃ ስንጥርና በጨርቅ ተጠፍሮ ታሰረ። ሌሊቱን ልጁ ሲያለቅስ «ሲጠግን ነው የሚያመው፤ ቻለው» ተባለ። ለሱብሒ የተነሱት አያቱ ጣቶቹን ቢነኩ በረዶ ሆነዋል፤ ልጁም መነካቱ አልተሰማውም። አያቱ ማንንም ሳይጠይቁ መቀስ አምጥተው ማሰሪያውን ቆረጡት፤ በዚያው ሰዓትም ሆስፒታል ወሰዱት። እጁ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ ተስተካክለው አይታጠፉም፤ ደብተሩን የሚጽፈው በግራ እጁ ነው። እነዚያ አያት ለሱብሒ ባይነሱ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላህ ያውቃል።

የሆነው ነገር ይህ ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም እግር ያብጣል። ማሰሪያው ካልሰፋ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫንና ደም ሥሮችን ይዘጋል። ጡንቻ ደም ከተቋረጠበት በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ጋንግሪን ይከተላል፤ ሕይወትን ለማትረፍም መቁረጥ ግድ ይሆናል። በሀገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ የመጡ ሕፃናት ይገኙባቸዋል። መልካሙ ዜና ሊቀንስ የሚችል መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ወጌሾችን ሰብስበው ስለ አስተሳሰር አጭር ሥልጠና ከሰጡ በኋላ በዚህ ሰበብ የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱ በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወላጅ የሚከተለውን ይያዝ። ማንም ይሰር ማን፣ ወጌሻም ይሁን ጄሶ የሚያስር ሐኪም፣ የጣቶች ጫፍ መታየት አለባቸው። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ጄሶም ከሆነ በዚያው ሌሊት ወደታሰረበት ሆስፒታል ይሂዱ። ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት ደግሞ ከመጀመሪያውኑ የሆስፒታል እንጂ የወጌሻ ሥራ አይደለም።

ሸሪዓችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲሥ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ትዕግሥትን የሚያስተምር እንጂ የባለሙያን ቸልተኝነት የሚሸፍን ልብስ አይደለም። ከገጠር የመጡ ሰዎች መታከም ይገባን እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ አዘዋል፤ አላህ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ሳያወርድለት የፈጠረው በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። ዘጋቢው ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ.) ናቸው።

«ሪህ ነው» የሚባለው ሁሉ ሪህ ነውን?

በቤታችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ይባላል። በሕክምና ግን በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸው። በዕድሜ ከገፉት፣ በተለይም ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። ካርቲሌጁ ይሳሳል፤ ጉልበት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ ያማል፤ ጠዋት ላይ የሚሰማው መገተር ግን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለቃል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ የሁለት እጆችን ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያሳብጣል፤ የጠዋቱ መገተር ከአንድ ሰዓት ሊበልጥ ይችላል፤ በወጣት እናቶችም ላይ ይታያል። ቶሎ ከታከመ ጣቶችን ከመጣመም ማዳን ይቻላል። ትክክለኛው ሪህ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ በሌሊት ድንገት ይነሳል። አንድ መገጣጠሚያ ድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ከተከተለ ግን በባክቴሪያ የተመረዘ ሊሆን ስለሚችል የዕለት ጉዳይ ነው፤ በተለይ በሕፃን ላይ ከታየ።

እዚህ ላይ ስለ ክኒን አንድ ማሳሰቢያ እናቅርብ። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመምን ያስታግሳሉ፤ ለወራት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የደም ግፊትንም ያባብሳሉ። ከጎረቤት እየተቀባበሉ የሚዋጡት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአንድ ቀን ተአምር የሠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንትን ያሳሳሉ፤ ስኳርን ይጨምራሉ፤ በድንገት ማቋረጣቸውም አደገኛ ነው። «ለጎረቤቴ የሠራላት ለእኔም» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ጉልበትና ሶላት

አንድ ሙስሊም በቀን በ17 ረከዓ ፈርድ ሶላት 34 ጊዜ ሱጁድ ያደርጋል። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች በየዕለቱ እስከ መጨረሻቸው ይታጠፋሉ፤ ይዘረጋሉ። ሶላት የሚሰገደው ለአላህ እንጂ ለአካል ብቃት አይደለም። ሆኖም እርጋታን (ጡመእኒና) ጠብቆ፣ ሩኩዑን ጀርባ አቅንቶ፣ ሱጁዱን ሳይጣደፍ የሚያደርግ ሰው መገጣጠሚያዎቹም ከዚህ ይጠቀማሉ። እንደ ዶሮ ጭሮሽ የሚጣደፍ ግን ሶላቱንም ጉልበቱንም ይጎዳል።

ላልቻለ ሰው ሃይማኖታችን ገር ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታመው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ይህንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ከላይ በፈረስ ሽቅድድም ያነሳነው ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ሲያረጅ በሶላት ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ልጁ አይቶ እንደዚያው ቢቀመጥ ከለከለውና ሱናው ቀኝ እግርን ማቆም፣ ግራን ማጠፍ መሆኑን ነገረው። ልጁ «አንተስ?» ቢለው እግሮቹ እንደማይሸከሙት መለሰለት። ይህም ቡኻሪ ላይ ይገኛል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ አቅም ያጣ ሰው አያፍርም፣ አቅም ያለው ደግሞ የአዛውንቱን ፈቃድ ለራሱ አይወስድም።

ወንበርን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ቂያም በፈርድ ሶላት ላይ ለሚችል ሰው ግዴታ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ጉልበቱ ሱጁድ የከለከለው፣ ግን መቆም የሚችል ሰው ቂያሙን ቆሞ ይፈጽማል፤ የሚከብደውን ክፍል ደግሞ ተቀምጦ በማጎንበስ ይፈጽማል፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ይላል። በሐነፊዮች ዘንድ ሱጁድ ያቃተው ሰው መቆሙም ይነሳለታል። ሁሉም በየመዝሀቡ ዓሊሙን ይጠይቅ። ነገር ግን ገበያ ውሎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሠርግ ላይ ለሰዓታት ቆሞ፣ መስጂድ ሲደርስ ብቻ ወንበር የሚፈልግ ሰው ራሱን ይመርምር። በተቃራኒው ጉልበቱ እየተሰነጠቀ «ወንበር ላይ ከሰገድኩ አጅሬ ይጎድላል» የሚል አባት ይጽናና፤ የታመመ ሰው በጤናው ይሠራው የነበረው ሥራ እንደሚጻፍለት በቡኻሪ ዘገባ ተነግሯል።

እጁ ወይም እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰውም ሶላት አይተውም። ጤነኛውን ክፍል ያጥባል፤ በማሰሪያው ላይ በእርጥብ እጅ ያብሳል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ተየሙም ይጨምራል። ፈትቶ መታጠብ የለበትም። በጉዞ ላይ ጭንቅላቱ የቆሰለ ሰሐባ ገላውን መታጠብ ግዴታ ሲሆንበት ጓደኞቹ ያለ ዕውቀት «ፈቃድ የለህም» ብለውት ታጥቦ እንደሞተ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ በጣም እንደተቆጡና ባለማወቅ ላለ ሰው ፈውሱ መጠየቅ መሆኑን እንዳስተማሩ አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

ለቤተሰብ የሚሆን ልምምድ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዐዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። 15 ደቂቃ የሚያስኬድ መስጂድ በእግር ደርሶ የሚመለስ ሰው በአንድ ሶላት 30 ደቂቃ አገኘ፤ በሳምንት 5 ቀን ቢያደርገው 150 ሞላ። የእርምጃው አጅር ሲታከልበት ደግሞ የሁለት ዓለም ትርፍ ነው።

ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች አራት ልምምዶች እናቅርብ። አንደኛ፣ ፍራሽ ላይ እግርን ዘርግቶ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ፤ ፎጣውን በጉልበት ወደታች ተጭኖ እስከ 5 መቁጠር፤ 10 ጊዜ። ሁለተኛ፣ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን እግር እንደተዘረጋ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ማንሳት፤ 10 ጊዜ። ሦስተኛ፣ ከጠንካራ ወንበር እጅን ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ በ5 ጀምሮ እስከ 10። አራተኛ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፤ 10 ጊዜ። ከዙህርና ከዒሻ በኋላ ቢደረጉ አይረሱም። መለኪያው ይህ ነው፤ ትንሽ ሕመም ተሰምቶ በማግሥቱ ከለቀቀ ይቀጥሉ፤ በማግሥቱ ካበጠ ወይም ከባሰ ቁጥሩን ይቀንሱ። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም።

ክብደትም ድርሻ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጉልበት ሕመም ባላቸውና ከመጠን በላይ በወፈሩ አዛውንቶች ላይ የተደረገ ጥናት 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አሳይቷል። ከምሳ እስከ መግሪብ በበርጫ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ወንድሞቻችንም ይህን ያስቡበት። በጫት ላይ ያለውን የፊቅህ ክርክር ለዑለማዎች ትተን፣ አምስትና ስድስት ሰዓት ተጣጥፎ መቀመጥ ለጉልበትም ለወገብም ጠላት መሆኑን ብቻ እንናገራለን።

ሴት ልጆቻችንን አንርሳ። ከ12 ዓመት በኋላ ሩጫና ጨዋታ የሚከለከሉባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አጥንት ግን ጥንካሬውን የሚያጠራቅመው በልጅነትና በወጣትነት ነው፤ በእርጅና የሚወጣው ያኔ የተቀመጠው ነው። በግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ከእናት ጋር ማለዳ መራመድ፣ በሴቶች ብቻ ሰዓት ስፖርት መሥራት ሥርዓተ ሒጃብን አይጥስም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሩጫዋን ራሷ የተረከችልን ለምን ይመስለናል? በአዳማ አካባቢ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቋን ስትቀበል በሒጃብ ሆና ነበር። ከእርሷ በፊትም መሐመድ ከድር በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥቷል፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆኗል። ልጆቻችን እነዚህን ስሞች ሊያውቋቸው ይገባል።

ውድ አንባቢያን! ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ በቤታችሁ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የታሰረ እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ለትልቅ ሰው መንገር እንዳለባቸው አስረዷቸው። ሁለተኛው፣ ጉልበቷን የሚያማትን እናት ወይም አያት ነገ ከዐስር በኋላ ክንዷን ይዛችሁ እስከ መንገዱ ጫፍ አብራችሁ ተራመዱ። በዚያች አጭር መንገድ የእርሷም የእናንተም መገጣጠሚያዎች የዕለት ምጽዋታቸውን ይከፍላሉ። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋ፣ ጤነኞች ለሆንነው ደግሞ ምስጋናውን ይስጠን። አሚን።